ቤዝ ክላሪኔት በማርሽ ባንድ፦ ችግርና መፍትሄ

ቤዝ ክላሪኔት፣ ከተራው ክላሪኔት የሚተልቅና ድምፁ ዝቅ ያለ የትንፋሽ መሣሪያ፣ የተሠራው ለወንበር ነው። ተጫዋቹ ይቀመጣል፣ መሣሪያው ከሥሩ ባለች የብረት እግር ወለሉ ላይ ይቆማል፣ ክብደቱን ወለሉ ይችለዋል። የአሜሪካ ሃይስኩል ማርሽ ባንድ፣ ሜዳ ላይ እየተራመደ የሚጫወተው፣ ግን ያቺን እግር ያወልቅና መሣሪያውን ልጁ አንገት ላይ ያንጠለጥላል። ከዚያ በኦገስት ፀሐይ ሜዳ ለሜዳ ያስኬደዋል። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ነው።

የምጽፈው ልጃቸው ከባንድ ካምፕ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ እየጎተተ ለመጣባቸው ወላጆች ነው። አብዛኞቻችን ተራውን ክላሪኔት እንኳ በእጃችን ነክተን አናውቅም። ልጁ ሲያስጮኸው «ገና አልለመደም» ብለን እናልፋለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሱ አይደለም። አንድ ብሎን ላልቷል፣ ወይም አንድ ቁልፍ ከጉልበት ጋር ተጋጭቶ ተጣሟል። ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት መሣሪያውን እዩት።

ለመግባባት ያህል ክፍሎቹ እነዚህ ናቸው። ከላይ ማውዝፒሱ፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ፣ አለ፤ ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠው ስሱ ሪድ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ቀጥሎ የተቆለመመ የብረት አንገት አለ። ከዚያ ጥቁሩ አካል ይመጣል፤ በአንዳንዱ ሞዴል ለሁለት ይከፈላል፣ በአንዳንዱ አንድ ወጥ ነው። ከታች ወደ ላይ የታጠፈ ቤል፣ ማለትም ሰፊ የብረት አፍ፣ አለ። ትምህርት ቤቱ የእንጨትም የፕላስቲክም ካለው፣ ለሜዳ ፕላስቲኩን ጠይቁ። እንጨት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል።

የላዩ ኖታ ይወጣል፣ የታቹ እምቢ ይላል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ልጁ በግራ እጁ ብቻ የሚጫወታቸው ኖታዎች ጥሩ ይወጣሉ። ቀኝ እጁን ጨምሮ ወደ ታች ሲወርድ ግን ድምፁ ይታፈናል፣ ወይም በድንገት ዘሎ ላይ ይወጣል። ልጁ አብዝቶ ይነፋል፤ የባሰ ይሆናል።

መንስኤው አየር ማፍሰስ ነው። ዋሽንት የነፋ ሰው ያውቀዋል፤ አንዲት ጣት ትንሽ ሸርተት ካለች የታቹ ድምፅ ይጠፋል። ቤዝ ክላሪኔት ላይ ቀዳዳዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ በጣት አይደፈኑም። የሚዘጓቸው ከውስጥ ፓድ፣ ማለትም ለስላሳ ትራስ፣ የተለጠፈባቸው ክዳኖች ናቸው። አንዱ ክዳን በወረቀት ውፍረት ያህል እንኳ ከፍ ካለ፣ ከሱ በታች ያለው ኖታ ሁሉ ይበላሻል።

አካሉ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን እዩ። የላይኛውን አካል ቁልፎች ከታችኛው ጋር የሚያገናኙ የብረት ምላሶች አሉ። እነሱ ፊት ለፊት ካልተያዩ ምንም ቢነፋ አይሆንም። ልጁ ሲገጥም የላይኛውን ክዳኖች ተጭኖ ይያዝ፤ ያኔ ምላሱ ከፍ ይላል። ቡሹን ቀባ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ በትንሹ እያዞረ ያስገባ። በኃይል መጠምዘዝ ምላሱን ያጣምማል፤ ያ ደግሞ የቤት ሥራ ሳይሆን የጥገና ሥራ ነው። ሜዳ ላይ ቤሉ ጉልበቱን በመታው ቁጥር የታችኛው አካል ትንሽ ትንሽ ይዞራል። በልምምድ መሃል ባለችው የውኃ እረፍት አንዴ ዓይን ጣል ማድረግ ልማድ ይሁንለት።

መገጣጠሚያው ደህና ከሆነ ሬጅስተር ቁልፉን ፈትኑ። በግራ አውራ ጣት የሚጫነው ነው። ሲጫን ከላይ በኩል ያለች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትከፈታለች፣ ድምፁም ወደ ላይ ይዘላል። በአንዳንዱ መሣሪያ ቀዳዳዋ አንገቱ ላይ ናት፤ አንገቱን ሲገጥሙ መዳፍ የሚያርፈው እሷው ላይ ነው። ስለዚህ ቶሎ ትጣመማለች። ፍተሻው ቀላል ነው። ልጁ የታቹን ኖታ እየነፋ እናንተ የዚያችን ቀዳዳ ክዳን በጣታችሁ ጫን አድርጉ። ድምፁ ወዲያው ከተስተካከለ ሌባው ተያዘ።

እዚያም ካልሆነ ልጁ ከላይ ጀምሮ ኖታ በኖታ ይውረድ። ድምፁ መጀመሪያ የተበላሸበትን ቦታ ያዙ፤ የሚያፈሰው ክዳን እዚያው አካባቢ ነው። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ቀጭን የኤልኢዲ መብራት ገመድ፣ ለገና ዛፍ የሚጠቀለለውን ዓይነት፣ አካሉ ውስጥ አስገቡ። ልጁ ክዳኖቹን እንደሚጫወት አድርጎ ቀስ ብሎ ይዝጋ። የፓዱን ዙሪያ እያያችሁ ዙሩ። በአንድ በኩል ቀጭን የብርሃን መስመር ካፈተለከች፣ አየሩም የሚወጣው በዚያው ነው። ባለሙያዎቹም በመብራት ነው የሚፈልጉት፤ የነሱ መብራት የተሻለ ነው እንጂ።

ካገኛችሁት በኋላ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። የተጣመመ ዘንግ በፒንሳ አይቃናም፣ የወለቀ ፓድም በሱፐር ግሉ አይለጠፍም። ፎቶ አንስታችሁ ለባንድ ዳይሬክተሩ ላኩ። ቤዝ ክላሪኔት ውድ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ንብረቱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ የማስጠገኑ ጣጣም የነሱ ነው። ቶሎ መናገር እንጂ መደበቅ አይጠቅምም።

አንድ ነገር ብቻ የልጁ ድርሻ ሊሆን ይችላል። የግራ እጅ ጠቋሚ ጣት የሚያርፍበት ክዳን መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ለላይኞቹ ኖታዎች ጣቱን አንሸራቶ ይከፍታታል፤ ለታቹ ግን መደፈን አለባት። እየተራመደ ሲጫወት የእጁ አንጓ ወደ ታች ይወድቅና ሳያውቀው ትከፈታለች። ፓዱ ሁሉ ደህና ሆኖ ሲቆም የሚወጣው ኖታ ሲራመድ ከጠፋ፣ ወደዚህች ጣት ተመልከቱ።

ሲጥ ይላል

ጎረቤት የሚያውቀው ድምፅ። ከሪዱ ጀምሩ። የሪዱ ጫፍና የማውዝፒሱ ጫፍ እኩል ናቸው? ጫፉ ላይ ጭረት ወይም ስንጥቅ አለ? ካለ ይጣል። ለማትረፍ አይሞከር።

ካልተሰነጠቀ ምናልባት ደርቋል። ሜዳ ላይ ከመጫወት ይልቅ ቆሞ መጠበቅ ይበዛል። ፀሐይና ነፋስ ሪዱን በደቂቃዎች ውስጥ ያደርቁታል፤ ጫፉ ይሸበሸባል፣ ከዚያ ሲጥ ይላል። ዳይሬክተሩ ገና ዱላውን ሳያነሳ ልጁ ሪዱን በምላሱ ማርጠብ አለበት። እኔ ግን ለማርሽ ሲዝን ሰው ሠራሽ ሪድ እመክራለሁ። ሌጄር እና ፋይብራሴል የታወቁ ናቸው። ዋጋቸው ከአንድ የሸምበቆ ሪድ በብዙ ይበልጣል፤ ግን አይደርቁም፣ ይቆያሉ። ለኮንሰርት የሸምበቆው ድምፅ ይሻላል የሚል ካለ አልከራከረውም። ሜዳው ግን ኮንሰርት አይደለም። ደግሞ ለክፉ ቀን ይህን ያዙ፦ የቴነር ሳክስፎን ሪድ ብዙ ቤዝ ክላሪኔት ማውዝፒስ ላይ ይሠራል። ሪዱ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ከተሰበረበት ከሳክስፎን ልጆች ይለምን።

ሪዱ አዲስ ሆኖም ሲጥ ካለ ወደ አፉ እንምጣ። አብዛኞቹ ልጆች ከተራው ክላሪኔት የተዛወሩ ናቸው። እዚያ የለመዱትን ጥብቅ አያያዝ ይዘው ይመጣሉ፣ ይነክሱታል። ቤዝ ክላሪኔት ማውዝፒሱን ትንሽ ጠለቅ አድርጎ መያዝ፣ መንጋጋን ላላ ማድረግና ሞቅ ያለ ሰፊ አየር ይፈልጋል። የሪድ ቁጥርም፣ ማለትም የጥንካሬው ልክ፣ ይታይ። 2 ወይም 2 ተኩል ለጀማሪ ይበቃዋል፤ «ጎበዝ 3 ነው የሚነፋው» የሚለውን የልጆች ፉክክር አትስሙ።

ሲራመድ ድምፁ ይንቀጠቀጣል

ቆሞ ሲጫወት ጥሩ፣ ሲራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ድምፁ ዱብ ዱብ ይላል። ልጁም ጥርሴን አመመኝ ይላል።

መጀመሪያ ማንገቻውን እዩ። እንደ ላስቲክ የሚሳብ ከሆነ ለአንገት ይመቻል፣ ለሜዳ ግን አይሆንም። በየእርምጃው መሣሪያው ላይ ታች ይላል፣ ማውዝፒሱም ጥርስ ይመታል። የማይሳብ፣ ሁለቱንም ትከሻ የሚይዝ ማንገቻ ግዙ። መንጠቆው ብረት ሆኖ የሚቆለፍ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ከተሰበረ መሣሪያው አስፋልት ላይ ነው የሚያርፈው። ርዝመቱን ስታስተካክሉ ልጁ ቀና ብሎ ፊት ለፊት ይይ፣ ማውዝፒሱ ራሱ ወደ ከንፈሩ ይምጣ። አንገቱን ወደ መሣሪያው ካጎነበሰ ማንገቻው ረዝሟል። ማታ የአንገትና የቀኝ አውራ ጣት ሕመም ካለም መንስኤው ይኸው ነው፤ ክብደቱን መሸከም ያለበት ትከሻ ነው።

ቀጥሎ አረማመዱ። ተረከዝ ቀስ ብሎ ይረፍ፣ እግሩ እስከ ጣቶቹ ይንከባለል፣ ከወገብ በላይ ምንም አይነቃነቅ። የተለመደው እርምጃ በ5 ያርድ 8 ነው፤ አንዱ እርምጃ 22 ከግማሽ ኢንች፣ ማለትም 57 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። አጭር ልጅ ይህን ለመድረስ ሲንጠራራ ጉልበቱ ቤሉን ይመታል። መሣሪያውን ትንሽ ወደ ጎን ማጋደል ይረዳዋል፤ ግን ዳይሬክተሩ ሁሉም በአንድ ዓይነት እንዲይዙ ሊፈልግ ስለሚችል ይጠይቀው።

ሾው መሃል አንድ ነገር ወለቀ

መንቀጥቀጥ ብሎን ያላላል። ትንሽ ካቻቪቴ ሻንጣው ውስጥ ትኑር፣ በሳምንት አንዴ ብሎኖቹ ይታዩ። ማጥበቅ ሲባል እስኪነክስ አይደለም፤ ከጠበቀ ቁልፉ አይንቀሳቀስም።

አንድ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ከቀረ ብዙ ጊዜ ቀጭኗ ሞላ ከማረፊያዋ ወጥታ ነው። መልሶ ለማስገባት ከኪሮሽ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። የእናት የዳንቴል መርፌ ጫፏ ያቺን ሞላ ይዛ ለመጎተት ልክ ናት፤ ቀጭኗን ምረጡ። ሞላዋ ከተሰበረች ደግሞ ቁልፉን በላስቲክ ጠፍራችሁ ወደሚዘጋበት ወይም ወደሚከፈትበት ጎን አስባችሁ ጨዋታውን ጨርሱ። መልኩ አያምርም፣ ግን ከመቀመጫ ረድፍ ሆኖ ማንም አያየውም። ቡሽ ተቆርጦ ወድቆ ብረት ከብረት የሚጋጭ ከሆነም ለዚያ ማታ ፕላስተር ይበቃል።

ይንቦጫረቃል፣ ከቃናው ይወጣል

የሚንቦጫረቀው ውኃ ነው። የትንፋሹ እንፋሎት ቀዝቃዛው የብረት አንገት ላይ ጠል ሆኖ ይጠራቀማል። አንገቱን ነቅሎ ማራገፍ፣ አካሉንም በጨርቅ መጥረግ ነው። ከአንድ ፓድ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሲጋራ ወረቀት ከፓዱ ሥር አስገብታችሁ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉበት፤ ወረቀቱ ውኃውን ይጠጣዋል። የሲጋራ ወረቀት ከልጅ ሻንጣ ስታገኙ እንግዲህ አትደንግጡ። ዝናብ ሲመጣ ግን መሣሪያው ወደ ሻንጣው ይግባ፤ የረጠበ ፓድ ያብጥና አይገጥምም።

ቃናው ደግሞ ከአየሩ ጋር ይሄዳል። በኦገስት ሙቀት ከፍ ይላል፣ በኖቬምበር ማታ ዝቅ ይላል። ባንድ ክፍሉ ውስጥ መቃኘት ብዙም አይረባም። ሜዳ ከወጡ በኋላ ድምፅ ሳያወጣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ደጋግሞ ያስገባ፣ ከዚያ የመሣሪያውን አንገት ድምፁ ሲከርር ሳብ፣ ሲወርድ ገባ ያድርግ።

ሁሉም ደህና ነው፣ ግን አይሰማም

ከመቀመጫው ሆናችሁ ልጃችሁን ጆሮ ሰጥታችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ይህ ብልሽት አይደለም። የቤዝ ክላሪኔት ዝቅተኛ ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ጣሪያና ግድግዳ በሌለበት ቦታ ከሱዛፎን (ትከሻ ላይ የሚጠመጠመው ትልቁ የነሐስ መሣሪያ) እና ከበሮ ጎን ይዋጣል። ማርሽ ባንድ በዋናነት የነሐስ ቤት ነው። እኛም አገር በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ልጆች የነሐስ ባንድ ነበሩ። ልጁ «አልተሰማሁም» ብሎ አብዝቶ ቢነፋ ሪዱ ይዘጋል፣ ያው ሲጥ ነው የሚተርፈው።

ለዚህ ነው ብዙ ዳይሬክተሮች ቤዝ ክላሪኔት ተጫዋቹን ለበልጉ ሳይሆን ለመኸሩ ሲዝን ቴነር ሳክስፎን የሚሰጡት። አንዳንዱም ሜዳው ዳር በመዶሻ ከሚመቱት ትልልቅ ማሪምባዎች ጋር አቁሞ ማይክ ያደርግለታል። ወላጅ ይህን እንደ ቅጣት ያየዋል። እኔ ተቀበሉ ባይ ነኝ። የአሜሪካ ፉትቦል ሲዝኑ ሲያልቅና ባንዱ ወደ አዳራሽ ሲገባ ወደ ቤዝ ክላሪኔቱ ይመለሳል፣ እዚያ ደግሞ በደንብ ይሰማል።

ሽግግሩም ያን ያህል አይከብድም። ሁለቱም የቢ ፍላት መሣሪያዎች ናቸው፣ በአንድ ዓይነት ክሌፍ (ኖታው መጀመሪያ ላይ ባለው ምልክት) የተጻፈውን ኖታ አንብበው አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ። ከታችኛው ቢ ፍላት በታች ያሉት ኖታዎች ግን ቴነር ላይ የሉም፤ እነሱን ዳይሬክተሩ ወደ ላይ ያዘዋውርለታል። የመጀመሪያው ሳምንት ግርታ ከጣት ነው። ስድስቱንም ጣት ዘግቶ ሲነፋ ክላሪኔት ላይ ጂ ይወጣል፣ ሬጅስተር ሲጨምርበት ዲ ይሆናል። ሳክስፎን ላይ ከታችም ከላይም ዲ ነው። ስለዚህ የላይኞቹ ኖታዎች ወዲያው ይመጡለታል፣ በታችኞቹ ግን ለጥቂት ቀናት የተሳሳተ ኖታ ቢያወጣ ሳክስፎኑን ለጥገና አትውሰዱት።