ዲኤስኤልአር ልግዛ ወይስ ሚረርለስ?

ዲኤስኤልአር በውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ ነው፤ ሚረርለስ ደግሞ መስታወት የሌለው። ሁለቱም ፉል ፍሬም ከሆኑ የሴንሰራቸው (ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን የሚሠራው ክፍል) ስፋት ያው 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ "የቱ ጥራት አለው?" እያላችሁ አትጨነቁ። መጀመሪያ ያላችሁን ሌንስ እዩ፤ ብዙው ገንዘብ ያለው እዚያ ነው። የካኖን ኢኤፍ (የዲኤስኤልአር) ሌንሶች በካኖን አዳፕተር (ማገናኛ) ሚረርለሱ ኢኦኤስ አር ላይ ጥሩ አድርገው ፎከስ ያደርጋሉ። ኒኮን ከሆናችሁ ግን ተጠንቀቁ። ሞተር የሌላቸው የድሮ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች ዲኤስኤልአሩ ዲ850 ላይ ራሳቸው ፎከስ ያደርጋሉ፣ በኤፍቲዚ አዳፕተር የኒኮን ሚረርለስ ላይ ሲገጠሙ ግን ፎከሱ በእጅ ነው።

ሥራችሁ ሠርግ ከሆነ እኔ ሚረርለስ ነው የምለው። ሙሽራዋ እየጨፈረች እንኳ ካሜራው ዓይኗን ይዞ ይከተላል፣ ብርሃኑ መብዛት ማነሱን ገና ሳታነሱ በመመልከቻው ታዩታላችሁ፣ ተክሊል ላይ ቄሱ ሲጸልዩ ደግሞ ድምፅ አልባውን ሹተር (ፎቶ ሲነሳ ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው) ታበራላችሁ። አዳራሽ ስትገቡ ግን አጥፉት! በኤልኢዲ መብራት ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ሊጥል ስለሚችል ወደ ሜካኒካሉ መልሱት።

በባትሪ ዲኤስኤልአርን የሚያህለው የለም። በአምራቾቹ መለኪያ ዲ850 በአንድ ባትሪ 1,840 ፎቶ ያነሳል፤ ሚረርለሱ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ደግሞ 710 ገደማ። መብራት በሌለበት ገጠር ለምትሠሩ ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም።

በጀት ከጠበበ ያገለገለ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ዲኤስኤልአር ዛሬም አያሳፍርም። ብቻ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ሳታረጋግጡ ብር እንዳትከፍሉ፤ የተሞከረው ለ150,000 ጊዜ ነው። የሚቀራችሁን ብር ጥሩ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ግዙበት።