ፍራንቻይዝ ልግዛ ወይስ የራሴን ልክፈት? አሜሪካ ውስጥ መነገድ ለሚያስቡ

ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ እቁብ ጥለው፣ ሠላሳ አርባ ሺህ ዶላር የቋጠሩ ሰዎች ዘወትር የሚያነሱት ጥያቄ ነው፤ ስሙ የታወቀ ፍራንቻይዝ (የሌላ ኩባንያን ስምና አሠራር በክፍያ ይዞ መነገድ) ይሻላል ወይስ የራስ ሱቅ? መልሱ እንደ ሙያዎና እንደ ያዙት ገንዘብ ይለያያል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ አብዛኛው ፍራንቻይዝ የሚያስከፍለው ከትርፍዎ ሳይሆን ከሽያጭዎ ነው።

ሒሳቡን እናስላው። በዓመት 500,000 ዶላር የሚሸጥ ሳንድዊች ቤት አለ እንበል። የዕቃ፣ የደመወዝ፣ የኪራይ፣ የመብራትና የኢንሹራንስ ወጪ ተከፍሎ ከመቶ 10 ተረፈው፤ 50,000 ዶላር ማለት ነው። ሮያሊቲው፣ ማለትም በስሙ ለመጠቀም ለኩባንያው የሚከፈለው፣ 6 በመቶ ከሆነ 30,000፣ የማስታወቂያ መዋጮው 2 በመቶ ከሆነ ሌላ 10,000 ይሄዳል። ለባለቤቱ የቀረው 10,000 ዶላር ነው፤ የባንኩ ዕዳ ደግሞ ገና አልተነካም። ገበያ ቀዝቅዞ ትርፉ ዜሮ ቢገባም ያ 8 በመቶ መቆረጡ አይቀርም። ተመኑ እንደየኩባንያው ነው። ሳንድዊች ሻጩ ሰብዌይ ከሽያጩ 8 በመቶ ለሮያሊቲና 4.5 በመቶ ለማስታወቂያ ይወስዳል። የሸቀጥ ሱቆቹ ሰቨን ኢለቨን በበኩሉ የዕቃው መግዣ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ጠቅላላ ትርፍ ከባለሱቁ ጋር ይካፈላል፤ የሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈለው ግን ከባለሱቁ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ለስሙ የሚከፍሉት ገንዘብ፣ ስሙ ባይኖር ኖሮ የማይመጣ ሽያጭ ሊያመጣልዎ ይገባል። ያን ማጣራት የሚቻለው በሰነድ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ኩባንያው ገንዘብ ከመቀበሉ ወይም ውል ከማስፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን ቀደም ብሎ ኤፍዲዲ የሚባለውን የፍራንቻይዙን ዝርዝር መግለጫ እንዲሰጥዎ ያስገድደዋል። እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ደግሞ ኩባንያው አስቀድሞ ካልተመዘገበ ወይም ከምዝገባ ነፃ ካልሆነ በስተቀር መሸጥ አይፈቅዱለትም። ቸኩለው እንዲፈርሙ የሚገፋፋዎት ሻጭ ካጋጠመዎት እነዚያን 14 ቀኖች ያስታውሱ።

ሰነዱ 23 ክፍሎች አሉት። ሁሉንም ማንበብ የጠበቃ ሥራ ቢሆንም፣ እርስዎ ራስዎ እንግሊዝኛው ቢከብድዎትም ከሰው ጋር ተቀምጠው ማየት ያለብዎት አሉ። ክፍል 7 ለመክፈት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያሳያል፤ ዕቅድዎን በከፍተኛው ላይ ይሥሩ። እዚያ የተጻፈው የሥራ ማንቀሳቀሻ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ብቻ የሚበቃ ሲሆን የቤት ኪራይዎንና የልጆችዎን ወጪ አያካትትም። ክፍል 12 አካባቢው የእርስዎ ብቻ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። የተከለለ ቦታ ካልተሰጠዎት ያው ኩባንያ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሌላ ሱቅ ሊከፍት ይችላል። ክፍል 19 ሌሎች ሱቆች ምን ያህል እንደሚሸጡ የሚገለጽበት ነው። ኩባንያው ባዶውን ሊተወው ይችላል፤ ባዶ ከተወው ግን ሻጩ በቃል «በዓመት መቶ ሺህ ታገኛለህ» ሊልዎ አይፈቀድለትም። ካለ ያን ጊዜውኑ ይተዉት።

ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል 20 ነው። ባለፉት 3 ዓመታት ስንት ሱቅ እንደተከፈተ፣ እንደተዘጋና እንደተሸጠ ይዘረዝራል፤ የባለሱቆቹን ስልክና ባለፈው ዓመት የወጡትን ሰዎች አድራሻም ያያይዛል። ኩባንያው ራሱ «ደውልላቸው» ብሎ የሚመርጥልዎትን ትተው ለወጡት ይደውሉ። ለመክፈት በጠቅላላ ስንት ወጣ? ለራስዎ ደመወዝ መክፈል የቻሉት በስንተኛው ወር ነው? ዕቃ ከማን ግዙ ተባላችሁ፣ ከገበያውስ በስንት ይወደዳል? እነዚህን ሦስቱን ለስምንት ለአሥር ሰው ከጠየቁ ሥዕሉ ይገለጥልዎታል።

አዲስ መጤ ላይ በተለይ የሚያነጣጥረው የቢሮ ጽዳት ፍራንቻይዝ ነው። መነሻው ትንሽ ስለሆነ ያማልላል። ብዙውን ጊዜ የሚሸጥልዎት በወር ይህን ያህል ዶላር የሚያስገቡ ሕንፃዎችን የማጽዳት ሥራ ነው፤ ከሕንፃው ጋር የተዋዋለው ግን ኩባንያው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ደንበኛው ውሉን ቢያቋርጥ በምትኩ ሌላ ሕንፃ በስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥዎ ውሉ ላይ ካልተጻፈ የገዙት ሥራ በአንድ ወር ሊጠፋ ይችላል፤ ዕዳው ግን ይቆያል።

የራስን መክፈት የሚያዋጣው ሥራውን ለሚያውቅና ደንበኛውን ለሚያውቅ ነው። እንጀራ ቤት፣ ቡና ቤት፣ የሐበሻ ሸቀጥ ሱቅ የሚከፍት ሰው የአሜሪካ ስም አያስፈልገውም፤ ወረቀቱም ቢሆን ከባድ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ማስመዝገቢያው 100 ዶላር ሲሆን ዓመታዊው ሪፖርት 300 ነው። ቨርጂኒያ 100 እና በየዓመቱ 50 ይከፈላል። የግብር መለያ ቁጥሩን የፌዴራሉ ግብር ቢሮ አይአርኤስ በነፃ ይሰጣል፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካዩ ይዝጉት።

ሰውን የሚጥለው ኪራይ ነው። ትሪፕል ኔት በሚባለው ውል ከኪራዩ በላይ የሕንፃውን ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ድርሻ ተከራዩ ይከፍላል፤ አከራዩን የ3 ዓመት ደረሰኝ ይጠይቁ። ምግብ ቤት ከሆነ ባዶ ሱቅ አይከራዩ። የጭስ ማውጫ ሁድ፣ የእሳት ማጥፊያ ሲስተምና ግሪስ ትራፕ (ቅባት ወደ ፍሳሽ እንዳይገባ የሚይዝ) ያለው የቀድሞ ምግብ ቤት ይፈልጉ፤ እነዚህን አዲስ ማስገባት ብቻውን ያጠራቀሙትን ሊጨርስ ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት የካውንቲው ጤና ቢሮ ምን እንደሚጠይቅ ይወቁ፤ የወጥ ቤቱ ዕቅድ ሳይጸድቅ እድሳት መጀመር ሥራን ሁለት ጊዜ ያሠራል። ፈቃዱ እስኪወጣ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ኪራዩ በፈቃዱ ቀን እንዲጀምር ይከራከሩ። ይህን የሚቀበል አከራይ አለ፤ ሳይጠየቅ ግን አይሰጥም።

በሥራ ላይ ያለ ሱቅ መግዛትም አለ። የሻጩን የ3 ዓመት የግብር ወረቀት ይዩ። «ካሽ ስለሆነ አልተመዘገበም» ለተባለው ትርፍ ምንም አይክፈሉ። ያልከፈለው የሽያጭ ታክስ ወደ ገዢ ሊዞር ስለሚችል፣ ዕዳ እንደሌለበት የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከስቴቱ ታክስ ቢሮ ያስመጡ።

ገንዘቡን በተመለከተ አበዳሪ የገንዘቡን ምንጭ ይጠይቃል። የእቁብ ዕጣ በእጅ ተቆጥሮ ከተሰጠዎት ማስረጃ የለውም፤ ስለዚህ በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር እንዲከፈልዎ ያድርጉ፣ ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበትን የአባላት ዝርዝርም ይያዙ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲያስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ያሳውቃል፤ ይህ አያስፈራ። የሚያስፈራው ያን ለመሸሽ 9,000፣ 8,000 እያሉ ከፋፍሎ ማስገባት ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ መከፋፈሉ ራሱ ወንጀል ነው። ኤስቢኤ የሚባለው የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት የብድር ደንብ የዜግነትና የመኖሪያ ፈቃድን ጉዳይ ከ2025 ወዲህ አጥብቋል፤ የባንኩን ማመልከቻ ከመሙላትዎ በፊት ግሪን ካርድዎ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ። ለትንሽ ብድር አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት የንግድ ብድር ክፍል አለው፤ ስኮር የሚባለውም ድርጅት በነፃ ያማክራል።

በሁለቱም መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በስምዎ ዋስትና ይፈርማሉ፤ ሱቁ ቢዘጋ ዕዳው ቤትዎ ድረስ ይከተልዎታል። ለዚህ ነው የመውጫው አንቀጽ ከመግቢያው ቀድሞ መነበብ ያለበት። ፍራንቻይዝ ከሆነ ክፍል 17ን ይመልከቱ፤ ሱቁን ለሌላ ለመሸጥ ስንት ይከፈላል? ከወጡ በኋላ ተመሳሳይ ሥራ ለስንት ዓመት፣ በስንት ማይል ውስጥ ይከለከላሉ? የፍራንቻይዙ ውል 10 ዓመት ሆኖ የሱቁ ኪራይ 5 ዓመት ከሆነ፣ በስድስተኛው ዓመት አከራዩ የፈለገውን ዋጋ ሊጠራብዎት ይችላል። የማራዘም መብትዎን አሁኑኑ በጽሑፍ ያስገቡ።