የሆኪ ጎል አግቢዎችን በዘመን ሚዛን ማወዳደር

ደብረ ማርቆስ ላይ ቡና ተፈልቶ በገና ጨዋታ ወዳጆች መካከል «ግሬትስኪ ወይስ ኦቬችኪን?» የሚል ሙግት ከተነሳ፣ ከሁሉ በፊት በመለኪያው ተስማሙ። ጎል ብቻ ከሆነ፣ በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ (NHL) አሌክሳንደር ኦቬችኪን መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. 895ኛውን አግብቶ የዌይን ግሬትስኪን 894 አልፏል። ለጎል ማቀበልም ከተቆጠረ ግን የግሬትስኪን 2,857 ነጥብ (ጎሉና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) የሚጠጋው የለም። የመደበኛውን ውድድር ጎል ከጥሎ ማለፉ ጋር አትደምሩ፤ ብዙ ሙግት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ጎሉን ለጨዋታ ብዛት አካፍሉ። ግሬትስኪ በ1,487 ጨዋታ 0.60 ሲሆን፣ ማይክ ቦሲ በ752 ጨዋታ 573 አግብቶ 0.76 ይደርሳል። ቦሲ ግን በጀርባ ሕመም ገና በ30 ዓመቱ ስላቆመ፣ አማካዩን የሚያወርዱት የእርጅና ዓመታት የሉበትም። ስለዚህ የሁሉንም የመጀመሪያ 10 ዓመት ብቻ ማነጻጸር ይሻላል።

ዋናው ሥራ ዘመኑን ማስተካከል ነው። የሁለት ገበሬ ጤፍ ሲወዳደር ጥማዱም ክረምቱም ይጠየቃል አይደል? ግሬትስኪ በ1981–82 እ.ኤ.አ. በ80 ጨዋታ 92 ሲያገባ (1.15)፣ አንድ ቡድን በጨዋታ በአማካይ 4 ጎል ገደማ ያገባ ነበር። ኦቬችኪን በ2007–08 እ.ኤ.አ. በ82 ጨዋታ 65 ሲያገባ (0.79) የሊጉ አማካይ 2.8 ገደማ ነው። የየራሳቸውን ለሊጉ አማካይ ስታካፍሉ ሁለቱም 0.28 አካባቢ ይወጣሉ። የ27 ጎሉ ልዩነት ከሞላ ጎደል የዘመኑ ነበር ማለት ነው።