የእንግሊዝኛ ቃል ለትንንሽ ልጆች እንዴት ይፈታል?

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ቃል ሲፈታ የተለመደው አንድ የአማርኛ አቻ ጽፎ ማለፍ ነው። «ሃንድ» እጅ፣ «አርም» እጅ። ልጁ ሁለቱንም ይሸመድዳል፤ ፈተና ላይ ይምታቱበታል። አማርኛው ለሁለቱ አንድ ስም ካለው ፍቺው ድንበር ማሳየት አለበት፦ ሃንድ ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ፣ አርም ከትከሻ እስከ አንጓ። የፉትና የሌግ ድንበር ቁርጭምጭሚት ነው። ልጁ ቆሞ የራሱን አካል እየነካ ስማቸውን ይጥራ።

ኤ4 ወረቀት አራት ቦታ ቆርጣችሁ የቃል ካርድ አድርጉት። ፊት ለፊቱ ላይ ቃሉን በላቲን ፊደል፣ ጀርባው ላይ ፍቺውንና አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በቀን አምስት ቃል ይበቃል።

ፍቺው መጀመሪያ ነገሩ ሰው፣ ዕቃ፣ ቦታ ወይስ ድርጊት እንደሆነ ይናገር፤ ቀጥሎ ከሚመሳሰሉት የሚለየውን። «ካስል ትልቅ ቤት ነው» ብትሉ ልጁ ፒያሳ ያለውን ሆቴል ሁሉ ይጠራላችኋል። «ድሮ ንጉሥ ይኖርበት የነበረ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ማማ ያለው ሕንፃ» ከተባለ ግን የጎንደር ልጅ ወዲያው ወደ ፋሲል ግቢ ይጠቁማል። (በቃሉ መካከል ያለችው «ቲ» አትነበብም፤ አስምሩባት።) ግቢውን የከበበው የድንጋይ አጥር ደግሞ ዎል ነው እንጂ ፌንስ አይደለም፤ ፌንስ የእንጨትና የሽቦው ነው። የመማሪያ ክፍሉ ግድግዳም ዎል ስለሆነ «ዎል ማለት አጥር» ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

ግስ በተግባር ቢታይ ይሻላል። ለቦሮውና ለሌንድ አንድ ላጲስ ይበቃል፤ የሚወስደው ቦሮው፣ የሚሰጠው ሌንድ። «በኋላ የሚመለስ» የሚለው ከፍቺው ከቀረ ሌንድ ከጊቭ ጋር ይቀላቀላል። ኦፕን ላይም ተጠንቀቁ፦ እኛ በርም ቴሌቪዥንም ስለምንከፍት ልጆች «ኦፕን ዘ ቲቪ» ይላሉ። ለበር ኦፕን፣ ለቴሌቪዥንና ለመብራት ተርን ኦን ነው። ኑንን «ቀን 6 ሰዓት» ብላችሁ ከፈታችሁ ልጁ «ሲክስ» ይላል፤ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 12 መሆኑን ጨምሩበት።

ካርዱን ለመፈተሽ ቃሉን ሸፍናችሁ ፍቺውን ብቻ አንብቡለት። ሌላ ቃል ከጠራ ጥፋቱ የፍቺው ነው፤ የጠራው ቃል ራሱ ምን እንደጎደለ ይነግራችኋል። «ቲቸር የሚያስተምር አስተማሪ» ዓይነቱን ግን ሳትፈትሹም ጣሉት።

አነባበቡን በአማርኛ ፊደል ካርዱ ላይ አትጻፉ፤ እዚህ የጻፍነው ለናንተ ለአዋቂዎቹ ነው። በእኛ ፊደል መርከቡም በጉም «ሺፕ» ሆነው ይቀራሉ፤ ሲነገሩ ግን የመርከቡ «ሺ» አጭር፣ የበጉ ረዥም ነው።