ስቶፕ ሞሽናችሁ እየዘለለ ካስቸገራችሁ ሁጊንን ሞክሩት

ስቶፕ ሞሽን፣ ማለትም አሻንጉሊት ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ አንድ አንድ ፎቶ በማንሳት የሚሠራ ቪዲዮ፣ በስልኬ እሠራለሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አሸዋ የጫነ ገልባጭ በደጅ ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛዬ ይርገበገባል፣ ስልኩም መቆሚያው ላይ እንዳለ ትንሽ ዞር ይላል። በሰከንድ 12 ፎቶ ከሆነ ለ10 ሰከንድ 120 ፎቶ ነው። ከጭቃ የሠራኋት አህያ በደንብ ትራመዳለች፤ ቪዲዮው ሲታይ ግን ቤቱ በሙሉ አብሯት ይዘላል። ያን ሁሉ ከለፉ በኋላ ይሄን ማየት ያማል።

ሁጊን ፎቶዎችን እየገጣጠመ ፓኖራማ (አንድ ሰፊ ምስል) የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው። አብሮት አላይን ኢሜጅ ስታክ የሚባል፣ የተዛነፉ ፎቶዎችን እርስ በርስ እንዲገጥሙ የሚያስተካክል ትንሽ ፕሮግራም ይመጣል፤ የምንፈልገው እሱን ነው። የሚሠራው በጽሑፍ ትእዛዝ ነው። አይክበዳችሁ፣ አንድ መስመር ብቻ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ተከታታይ ፎቶዎችን ሁለት ሁለት እያደረገ ያስተያያል፣ ምስሉን 5 በ5 ይከፋፍልና በየክፍሉ 8 ያህል የሚመሳሰሉ ነጥቦች ይፈልጋል፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ከ3 ፒክሰል በላይ የማይስማሙትን ይጥላል። አህያዋ ላይ ያረፉት ነጥቦች የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው፣ የቆመው ዳራ ብዙ ነጥብ ካለው ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ከማንሳታችሁ በፊት ነው። ባዶ ነጭ ግድግዳ አይሆንም፣ የሚይዘው ነገር ያጣል። እኔ ከኋላ ጋዜጣ ለጥፌ፣ ከሥር ሰሌን አነጠፍኩ። ገጸ ባሕሪዋ ምስሉን እንዳትሞላው፤ ከሞላችው እሷን ቋሚ አድርጎ ቤቱን ያንቀሳቅሰዋል።

ትእዛዙ እንዲህ ነው። የፕሮግራሙን ስም ሦስቱን ቃላት በታች ሰረዝ አያይዛችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ሰረዝና ትንሹ ኤ፣ ከዚያ ለውጤቱ የምትሰጡት ስም። ከዚያ ሰረዝና ትልቁ ሲ፤ ይህ ሁሉም ፎቶዎች የማይጋሩትን ጠርዝ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ስታነሱ ዙሪያውን ትርፍ ቦታ ተዉ። ቀጥሎ ሁለት ሰረዝና ዩዝ ጊቭን ኦርደር፣ ሦስቱ ቃላት በመሃል ሰረዝ ተያይዘው። በመጨረሻ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል።

ዩዝ ጊቭን ኦርደርን አትርሱ! ካልጻፋችሁት ፎቶዎቹን በብርሃን መጠናቸው ይደረድራቸዋል፣ አህያዋም ወደፊት ወደኋላ ስትል ታገኟታላችሁ። የስልኩን ብርሃንና ፎከስ ቆልፎ ማንሳትም ይረዳል። ውጤቱ ቁጥር የያዙ የቲፍ ምስል ፋይሎች ነው፤ በለመዳችሁት የቪዲዮ ማቀናበሪያ በሰከንድ 12 አድርጋችሁ ደርድሯቸው።

አንድ የማይችለው ነገር አለ። ስልኩ ቦታውን ሳይለቅ ከዞረ ወይም ካዘነበለ ጥሩ አድርጎ ያስተካክለዋል። ወደ ጎን ከተገፋ ግን ቅርብ ያለውና ሩቅ ያለው ነገር እኩል ስለማይሸሹ አንዱ ሲገጥም ሌላው ይስታል። ያኔ ያን ክፍል እንደገና ማንሳት ነው። እኔ አሁን የመቆሚያውን እግሮች በሙጫ ቴፕ ወለሉ ላይ አጣብቄ፣ መሃሉ ላይ አሸዋ የሞላ ፌስታል አንጠልጥዬበታለሁ።