ቀይ ሁሉ ሲናባር አይደለም፦ የማያ መቃብር ቀለሞችን ሲመረምሩ የሚሠሩ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1994 በሜክሲኮ፣ በጥንታዊቷ የማያ ሕዝብ ከተማ ፓሌንኬ፣ በቤተ መቅደስ 13 ውስጥ የተገኘችው «ቀይዋ ንግሥት» ስሟን ያገኘችው አጽሟንና የሬሳ ሣጥኗን ከሸፈነው ሲናባር ከተባለ ቀይ የማዕድን ዱቄት ነው። ግኝቱ ዝነኛ ከመሆኑ የተነሳ፣ በማያ መቃብር ቀይ ነገር ያየ ሁሉ «ሲናባር ነው» ለማለት ይቸኩላል።

በዓይን መፍረድ
ሲናባር የሜርኩሪና የድኝ ውህድ ነው፤ ሌላው ቀይ ማዕድን ሄማታይት ደግሞ የብረት ኦክሳይድ ነው። ማያዎች ሁለቱንም ለሙታን ተጠቅመዋል፣ አንዳንዴም ደባልቀው። ሲናባር ብርሃን ሲያገኘው ሊጠቁር ስለሚችል ድምቀቱ መለያ አይሆንም። በአንድ ነገር ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን በኤክስሬይ የሚለየው የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ሜርኩሪውን ወዲያው ያሳያል። ብረት ሲሆን ግን ከአፈሩም የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከአጥንቱ ራቅ ያለ አፈር ለማነጻጸሪያ ያልወሰደ ሰው «ሄማታይት ተቀብቷል» ብሎ ባይጽፍ ይሻላል።

አጥንቱን ማጠብ
ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ሌላው ስህተት በድጋሚ ምርመራ ይታረማል፣ ታጥቦ የሄደ ቀለም ግን አይመለስም። ዱቄቱ በአጥንቱ ላይ በቀጥታ አርፏል ወይስ በመካከል የጨርቅ ርዝራዥ አለ? ጥያቄው ቀላል አይደለም። በሆንዱራስ ባለችው ጥንታዊት የማያ ከተማ ኮፓን፣ ማርጋሪታ በተባለው መቃብር፣ ሰዎች ከቀብሩ በኋላ ተመልሰው ገብተው አጥንቶቹ ላይ ሲናባር አድርገዋል። ሬሳን መቀባትና አጽምን መቀባት የተለያዩ ሥርዓቶች ናቸው፤ የሚለያቸውም የንብርብሩ ቅደም ተከተል ነው።

የንጥረ ነገር ዝርዝርን ሙሉ መልስ ማድረግ
ያው የኤክስሬይ መሣሪያ የተክል ማቅለሚያና ሙጫ ዋና ንጥረ ነገር የሆነውን ካርቦንን አያይም። «የማያ ሰማያዊ» የተባለው ቀለም የተሠራው ኢንዲጎ የተባለውን የተክል ማቅለሚያ ፓሊጎርስካይት ከተባለ ሸክላ አፈር ጋር በማዋሐድ ነው፤ መሣሪያው ግን የሸክላውን ሲሊከን ያሳይና ማቅለሚያውን ራሱን ይስታል። ከቀይ ዱቄት ጋር የተለወሰ የዛፍ ሙጫም እንዲሁ ያመልጠዋል፤ ለዚያ ጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም የውህዶችን ቅልቅል ለያይቶ የሚመረምር ዘዴ፣ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄን መናቅ
ሲናባር ሲሞቅ የሜርኩሪ ትነት ይለቃል፣ ብናኙም ለሳንባ አይበጅም። ጭምብልና ጓንት ግድ ነው።

ሲናባር ካለ ንጉሥ ነው ማለት
ግምቱ ከባዶ አልመጣም። የዩካታን የኖራ ድንጋይ ሜዳ ሲናባር ስለማያወጣ ከሩቅ ማስመጣት ነበረበት፣ ውድም ነበር። ሆኖም ቁንጥር ዱቄትና አጽሙን ሙሉ ያለበሰ ቀይ እኩል አይመዘኑም። «ሲናባር ተገኝቷል» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ዘገባ ምን ያህል እንደሆነና በየትኛው የአጽሙ ክፍል እንደተገኘ ካልጨመረ፣ ስለ ሟቹ ማዕረግ የሚሰጠው ማስረጃ እምብዛም ነው።