ለአሮጌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 የተሻለ ፕሮሰሰር እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚገጠም

ብር ከማውጣትዎ በፊት ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ መሆኑን ያረጋግጡ። ኮምፒውተሩ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ይክፈቱ። ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 20 በመቶ ላይ ተቀምጦ የዲስኩ ሥራ 100 በመቶ ከደረሰ የሚያስፈልግዎ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ነው፤ ፕሮሰሰሩን ይርሱት። ሲፒዩው ደጋግሞ 100 የሚነካ ከሆነ ይቀጥሉ።

ቀጥሎ ያለዎትን ይወቁ። ሲፒዩ-ዜድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ስም፣ ቺፕሴቱን (ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ ክፍሎች የሚያገናኘውን የማዘርቦርድ ቺፕ) እና የባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ቁጥር ያሳያል። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ ቺፕሴቱን ሳያይ «ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) አንድ ነው» ብሎ ይገዛል። የ7010 ሶኬት ኤልጂኤ 1155፣ ቺፕሴቱ ኪው77 ስለሆነ የኢንቴልን 2ኛም 3ኛም ትውልድ ይቀበላል። ታላቅ ወንድሙ 790 ሶኬቱ ያው 1155 ቢሆንም ቺፕሴቱ ኪው65 ነውና 3ኛ ትውልድ ቢገጥሙለት አይነሳም።

አይ3-3220 ባለ 2 ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ነው። ከሱ ወደ ባለ 4 ኮሩ አይ5-3470 ሲሄዱ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አይ7-3770 በዚያው 4 ኮርና በዚያው 77 ዋት 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ስለሚሰጥ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ይጠቅማል። ሥራው ወርድና ኢሜይል ለሆነ ሰው ግን ከአይ5 ወደ አይ7 መሄድ ብር መጣል ነው። ሳጥንዎ ትንሿ ዩኤስኤፍኤፍ ከሆነች ከ65 ዋት አይለፉ፤ እንደ 3770ኤስ ያለውን ይፈልጉ። «ኬ» ለተጻፈበት ጭማሪ አይክፈሉ፣ ይህ ማዘርቦርድ ፍጥነቱን ከፍ ለማድረግ አይፈቅድም። ዚዮን ኢ3-1230 ደግሞ የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው የግራፊክስ ካርድ ካልተሰካ ስክሪኑ ጨለማ ነው። «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» የታተመበትን አይግዙ፤ የሙከራ ናሙና ነው።

ባዮሱን አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይወጣ ያድሱ። ከዚያ ኮምፒውተሩን 10 ደቂቃ ያሠሩት፤ የደረቀው ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ሲሞቅ ይላላል። አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስወጡ። የፋኑን ገመድ ነቅለው፣ ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቁ አላልተው፣ ሂትሲንኩን (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚስበውን ብረት) ግራ ቀኝ ወዝወዝ እያደረጉ ያንሱ።

አሁን ጥንቃቄ። የሶኬቱን ማንሻ ከፍተው አሮጌውን ፕሮሰሰር ያውጡ። ፒኖቹ (ቀጫጭኖቹ የብረት መገናኛዎች) ያሉት ሶኬቱ ውስጥ እንጂ ፕሮሰሰሩ ላይ አይደለም፤ ጣትም ጨርቅም አያስነኩ። አንዷ ከተጣመመች አንደኛው ራም ሊጠፋ፣ ወይም ማሽኑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። አዲሱን በጠርዙ ይያዙ፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ያገናኙና ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት። አይጫኑት፤ በራሱ ክብደት ይቀመጣል። ማንሻውን ሲመልሱ ጠንከር ይላል፣ ትንሽም ይንቋቋል፤ አይደንግጡ።

የሂትሲንኩን አሮጌ ፔስት በአልኮል ይጥረጉ። በፕሮሰሰሩ መሃል የአንዲት ምስር ፍሬ ያህል አዲስ ፔስት ይበቃል፤ መቀባባት አያስፈልግም። ብሎኖቹን እንደገና በሰያፍ፣ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ።

ሲያበሩት ኤፍ2 ተጭነው አዲሱ ስም መውጣቱን ይዩ። ስለ ፋን ማስጠንቀቂያ ካመጣ የፋኑን ገመድ ረስተዋል። ስክሪኑ ምንም ካላሳየ ራሙን ነቅለው መልሰው ይሰኩ፣ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችውን ባለ 4 ፒን የኃይል ገመድም ይፈትሹ። በመጨረሻ ከባድ ሥራ ሰጥተው 10 ደቂቃ ሙቀቱን ይከታተሉ። ከ90 ዲግሪ ካለፈ ሂትሲንኩን አንስተው የፔስቱን አሻራ ይመልከቱ፤ አንዱ ጎን ሳይነካ ከቀረ ብሎኑ እኩል አልጠበቀም ማለት ነው። ጠርገው፣ አዲስ ፔስት አድርገው እንደገና ይግጠሙት።